የጃፓን ሳኬና ውስኪ እንዴት ይቀመሳል፣ እንዴት ይመረጣል? መጀመሪያ ጠርሙሱን አዙሩት

የመጀመሪያውን የጃፓን ውስኪዬን የገዛሁት በዓይኔ ነው። ጠርሙሱ ላይ ተራራ ተስሏል። በብሩሽ የተጻፈ የጃፓን ፊደል አለበት። ማሸጊያው ያምራል። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ቤት ገብቼ ረጋ ብዬ ጀርባውን ሳነብ "ጃፓን ውስጥ የታሸገ" ይላል እንጂ እዚያ ተሠራ የሚል ቃል የለበትም። ኋላ ስጠይቅ ውስኪው ከሌላ አገር በጅምላ ተጭኖ የመጣ ነው ተባልኩ። መጠጡ መጥፎ አልነበረም። እኔ ግን የከፈልኩት ለጃፓን ነበር፣ በጣም ተናደድኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝኩ። ጠርሙስ ሳነሳ መጀመሪያ አዞረዋለሁ። የፊቱ ወረቀት ለዓይን ነው፤ የጀርባው ለገዢ ነው። ሳኬም ሆነ ውስኪ ስትመርጡ ግማሹ ሥራ እዚያ ያልቃል። የቀረው የአፍንጫና የምላስ ሥራ ነው። እሱንም በየደረጃው እናየዋለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ሦስት አንድ ዓይነት ትናንሽ ብርጭቆዎች፣ አንድ ጆግ ውሃ፣ ለመትፊያ የሚሆን ሰፊ ኩባያ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ከላይ ጠበብ ያለ የወይን ብርጭቆ ካላችሁ ለሁለቱም መጠጥ ይሆናል።

በዚያ ሰዓት ሽቶ አትቀቡ። ቤት ውስጥ ዕጣን አይጨስ፣ ቡና አይቆላ። ሽታ ከሽታ ጋር ይጋጫል። በባዶ ሆድ አትቀመጡ። ከተቻለ ሳኬና ውስኪን በተለያየ ቀን ቅመሱ። የግድ በአንድ ቀን ከሆነ ሳኬው ይቅደም። ውስኪ ካለፈበት ምላስ ላይ ሳኬ ውሃ ውሃ ይላል። መኪና የሚነዳ ሰው ደግሞ ቀኑን ይቀይር።

ደረጃ 1፦ ሳኬ ምን እንደሆነ እወቁ

ጃፓኖች "ሳኬ" ሲሉ አልኮል ያለበትን መጠጥ ሁሉ ማለታቸው ነው። እኛ ሳኬ የምንለውን እነሱ "ኒሆንሹ" ይሉታል። ጃፓን ሄዳችሁ ምግብ ቤት ከገባችሁ ይህችን ቃል ተጠቀሙባት።

ብዙ ሰው ሳኬ የሩዝ አረቄ ይመስለዋል። አይደለም። አረቄ ይነጠራል፤ ሳኬ ይጠመቃል። ከአረቄ ይልቅ ለጠላ ይቀርባል። ጠላ ውስጥ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ብቅሉ ነው። ብቅል እንዲገኝ እህሉ መብቀል አለበት። የሳኬ ሩዝ ግን ቅርፊቱ ብቻ ሳይሆን አካሉም ተፈትጎ ስለሚቀንስ ሊበቅል አይችልም። ስለዚህ ጃፓኖች በእንፋሎት የበሰለው ሩዝ ላይ ኮጂ የሚባል ሻጋታ ያሳድጋሉ። የብቅሉን ሥራ የሚሠራው ኮጂው ነው።

ደስ የሚለው ነገር ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ጋን ውስጥ ጎን ለጎን መሄዳቸው ነው። ኮጂው ስኳር ያወጣል፤ እርሾው እዚያው እየተቀበለ ወደ አልኮል ይለውጣል። በዚህ ምክንያት ድፍድፉ ሳይነጠር ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ አልኮል ይይዛል። አብዛኛው ሳኬ ከዚያ ውሃ ይጨመርበትና 15 ወይም 16 በመቶ ላይ ይታሸጋል። ውሃ ያልተጨመረበት "ገንሹ" ይባላል። ጠርሙስ ላይ 18 በመቶ ካያችሁ እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ በልኩ ጠጡት። ይህ በኮጂ የመጥመቅ ጥበብ በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ደረጃ 2፦ የሳኬውን ጀርባ አንብቡ

የጃፓን ፊደል ካላነበባችሁ ችግር የለም። በስልካችሁ የትርጉም መተግበሪያ ክፈቱና ካሜራውን ወደ ጽሑፉ አዙሩት፣ ወይም ሻጩን ጠይቁ። የምትፈልጉት ጥቂት ነገር ነው።

መጀመሪያ በመቶኛ የተጻፈውን የሩዝ ፍተጋ ፈልጉ። "60 በመቶ" ካለ ከሩዙ 60 በመቶው ቀርቷል፣ 40 በመቶው ተፈትጎ ወጥቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ያነበዋል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብዙ ተፈትጓል። የሩዙ ውጪያዊ ክፍል ፕሮቲንና ቅባት አለው። እነዚህ ለጣዕሙ ክብደት ይሰጡታል፣ ሲበዙ ግን ያሻክሩታል። መሐሉ ደግሞ ንጹሕ ስታርች ነው።

ከዚያ የክፍሉን ስም እዩ። "ጁንማይ" ካለ ከሩዝ፣ ከውሃ፣ ከኮጂና ከእርሾ በቀር ምንም አልተጨመረበትም። "ጊንጆ" ከሆነ ሩዙ 60 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ቀርቷል፣ ቀዝቀዝ ባለ ሙቀትም ቀስ ብሎ ተብላልቷል። "ዳይጊንጆ" 50 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው። "ሆንጆዞ" 70 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ጥቂት የተነጠረ አልኮል ተጨምሮበታል። "ጁንማይ" የሚለው ቃል ከጊንጆ ወይም ከዳይጊንጆ ፊት ከሌለ እነሱም ውስጥ ጥቂት አልኮል ገብቷል።

አልኮል መጨመሩን ማጭበርበር አድርጋችሁ አትዩት። በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ መጠኑ በሕግ የተገደበ ነው። የሚጨመረውም መጠጡ ከመጠመቁ በፊት ሳይሆን ሊጠለል ሲል ነው። ብዙ መዓዛ ከውሃ ይልቅ በአልኮል ስለሚሟሟ ከአተላው ጋር ሊቀር የነበረውን ሽታ ወደ መጠጡ ይስበዋል። ቀለል ያለና ጥርት ያለ ይሆናል። ሆንጆዞ ሞቅ ተደርጎ ሲጠጣ እኔ ከብዙ ውድ ሳኬ አስበልጠዋለሁ።

እዚህ ላይ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ዳይጊንጆ "ከሁሉ የሚበልጠው" ተብሎ ይሸጣል። የሚበልጠው በድካምና በወጪ ነው። ያማጉቺ ውስጥ የሚጠመቀው ዳሳይ 23 ለምሳሌ ሩዙ ተፈትጎ 23 በመቶው ብቻ ነው የሚቀረው። ከሩዙ ከሦስት አራተኛ በላይ ወጥቷል ማለት ነው፤ ዋጋው ከዚያ ይመጣል። ሽታው የፍራፍሬ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ያስደንቃል። ከጥብስ ጋር ስታቀርቡት ግን ይጠፋል። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሳኬ የምትፈልጉ ከሆነ ተራ ጁንማይ ይሻላችኋል፣ ገንዘባችሁም ይተርፋል።

ሌላው ቁጥር "ኒሆንሹዶ" ይባላል። የመጠጡን ክብደት ከውሃ ጋር ያነጻጽራል። የመደመር ምልክት ካለውና ቁጥሩ ከፍ ካለ ስኳሩ አንሷል፣ ደረቅ ያለ ነው። የመቀነስ ምልክት ካለው ወደ ጣፋጭ ያደላል። ግን ኮምጣጣነቱ ከፍ ካለ ጣፋጩም ደረቅ መስሎ ስለሚቀመስ በዚህ ቁጥር ብቻ አትወስኑ።

ሌሎች ሦስት ቃላት። "ናማ" ካለ አልተፈላም። አብዛኛው ሳኬ ባክቴሪያውንና ኢንዛይሙን ለመግታት ሁለት ጊዜ በሙቀት ያልፋል፤ ናማ አላለፈም፣ ከፍሪጅ መውጣት የለበትም። "ኒጎሪ" ድፍርሱ ነው። ጉሽ ጠላ የሚወድ ሰው ይህን ይወደዋል፣ ብቻ ብዙ ጊዜ ጣፈጥ ይላል። "ኪሞቶ" ወይም "ያማሃይ" ካለ ጥንስሱ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ በራሱ ጊዜ እንዲያድግበት ተደርጎ በጥንቱ መንገድ ተሠርቷል። ኮምጠጥ፣ ከበድ ይላል።

የተጠመቀበትን ቦታ ማወቅም ይረዳል። በኮቤና በኒሺኖሚያ አካባቢ ያለው ናዳ ትልቁ የሳኬ አገር ነው። ሚያሚዙ የሚባለው የጉድጓድ ውሃው ለጃፓን ጠንከር ያለ፣ ማዕድን የበዛበት ነው። እርሾው በእሱ በርትቶ ይሠራል፤ ሳኬውም ደረቅና ቆራጥ ይሆናል። ኪዮቶ ውስጥ ያለው ፉሺሚ ውሃው ለስለስ ስለሚል ሳኬውም ለስላሳ ነው። ጃፓኖች የናዳውን "የወንድ ሳኬ"፣ የፉሺሚውን "የሴት ሳኬ" ይሉ ነበር። ሩዙን በተመለከተ "ያማዳ ኒሺኪ" የሚለውን ስም ደጋግማችሁ ታያላችሁ። ዋናው መገኛው ሂዮጎ ነው፤ ፍሬው ትልቅ፣ ለፍተጋ የሚመች ነው።

ደረጃ 3፦ ሱቅ ውስጥ

ሳኬ እንደ ወይን ዓመታት እየቆየ እንዲሻሻል የሚገዛ መጠጥ አይደለም። ሆን ተብሎ የሚቆይ "ኮሹ" የሚባል አለ፣ እሱ ሌላ ነው። የቀረው ትኩስ በሆነ ቁጥር ይሻላል። ስለዚህ ከክፍሉ ስም በፊት ጠርሙሱ የት እንደቆመ እዩ። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ወይም ከመብራት ሥር ከቆመ እለፉት። የታሸገበት ቀን ካለ አንብቡ፤ ከዓመት በላይ የሆነውን አልገዛም። ናማ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ካልሆነ አትንኩት።

ከጃፓን ውጪ የምትኖሩ ሰዎች በተለይ ይህን ልብ በሉ። ፈላጊ የሌለው ሱቅ ውስጥ ውድ ዳይጊንጆ ለረጅም ጊዜ አቧራ ጠጥቶ ይቆማል። ቶሎ ቶሎ የሚሸጥበት ሱቅ ያለ ርካሽ ጁንማይ ከእሱ ይበልጣል።

መደበኛው ጠርሙስ 720 ሚሊ ሊትር፣ ትልቁ 1.8 ሊትር ነው። ለመማር ግን 300 ሚሊ ሊትሩን ፈልጉ። በአንድ ትልቅ ጠርሙስ ፋንታ ሦስት ትናንሽ ግዙ፤ አንድ ጁንማይ፣ አንድ ጊንጆ፣ አንድ ሆንጆዞ ወይም ያማሃይ። አንድን ሳኬ ብቻውን የቀመሰ ሰው "ጥሩ ነው" ከማለት በቀር የሚለው ነገር አያገኝም። ሦስቱን ጎን ለጎን ስታደርጉ ግን ልዩነቱ ራሱ ይናገራል።

ዕድሉን አግኝታችሁ ጃፓን ከሄዳችሁ ጠማቂ ቤቶችን በሩቅ ትለያላችሁ። በራቸው ላይ ከዝግባ መሰል ዛፍ ቅጠል የተሠራ ትልቅ ኳስ ይሰቀላል፣ "ሱጊዳማ" ይባላል። አረንጓዴ ከሆነ አዲሱ ሳኬ ደርሷል ማለት ነው። እየከረመ ቡናማ ይሆናል። በእንጨት ላይ ጣሳ ተሰቅሎ ጠላ ቤት ሲለይ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም።

ደረጃ 4፦ ሳኬውን ቅመሱ

የሙያው ሰዎች የሚቀምሱበት ነጭ ሲኒ አላቸው። ከውስጥ መቀመጫው ላይ ሁለት ሰማያዊ ክቦች ተስለውበታል። ነጩ ቀለሙን ያሳያል፤ የክቦቹ ጠርዝ ደግሞ ሳኬው ጥርት ያለ ወይም የደፈረሰ መሆኑን ይናገራል። ቤት ውስጥ ነጭ የቡና ሲኒ ቀለሙን ለማየት ይበቃችኋል። ለሽታው ግን የወይን ብርጭቆ ይሻላል።

ጠርሙሶቹን ከፍሪጅ አውጡና ሩብ ሰዓት ያህል አቆዩአቸው። በጣም የቀዘቀዘ ሳኬ ሽታውን ይደብቃል። በየብርጭቆው ሁለት ጣት እንኳ የማይሞላ ቅዱ።

መጀመሪያ ተመልከቱ። ትንሽ ወርቃማ መሆን ነውር አይደለም። ጊንጆ ሆኖ ወደ ቡናማ ካደላ ግን ሙቀት ወይም ብርሃን አግኝቶታል።

ከዚያ አሽትቱ። ሳትወዘውዙ አንድ ጊዜ፣ ወዝወዝ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ። ጊንጆው ሙዝ፣ ፖም፣ ሜሎን ይሸታል። ፍራፍሬ ተጨምሮበት አይደለም፤ እርሾው በቀዝቃዛ ቦታ ሲሠራ የሚያወጣው ሽታ ነው። ጁንማዩ ትኩስ የበሰለ ሩዝ፣ አንዳንዴ እርጎ ይሸታል። ያማሃዩ እንጉዳይና ለውዝ። ከርሞ የተበላሸ የጎመን ውሃ የሚመስል ሽታ ከመጣ ጠርሙሱ አርጅቷል።

አሁን ፉት በሉ። ቶሎ አትዋጡ፤ ምላስ ላይ አዳርሱት፣ ትንሽ አየር ሳቡበት። አራት ነገር ጠይቁ። ይጣፍጣል? ይኮመጥጣል? ይመራል? ደግሞ ያ ጥሩ የሥጋ መረቅ አፍ ውስጥ የሚተወው ሙላት አለ? ጃፓኖች የመጨረሻውን "ኡማሚ" ይሉታል። ሳኬ ከወይን ይልቅ በአሚኖ አሲድ ሀብታም ስለሆነ ይህ ጣዕም በደንብ ይገኝበታል። ከዋጣችሁ ወይም ከተፋችሁ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ቁጠሩ። ቶሎ የሚጠፋም ጥሩ ነው፤ ጃፓኖች ይህን "ኪሬ" ብለው ያደንቁታል፣ ቁርጥ ማለት ነው።

በየመሐሉ ውሃ ጠጡ። ከሳኬ ጎን የሚቀርበው ውሃ "ያዋራጊ ሚዙ" ይባላል፣ የሚያለዝብ ውሃ ማለት ነው። ምላስንም ጭንቅላትንም ያድናል።

ደረጃ 5፦ አሙቁት

ሙቅ ሳኬ የርካሽ ነው የሚባለው ተሳስቷል። መጥፎ ሳኬ አቃጥለው የሚሸጡ ቤቶች ስሙን አበላሹት እንጂ ጃፓኖች ለእያንዳንዱ ሙቀት ስም የሰጡት ያለ ነገር አይደለም። 5 ዲግሪ አካባቢ "የበረዶ ቅዝቃዜ"፣ 10 "የአበባ ቅዝቃዜ" ይሉታል። 30 "የፀሐይ ሙቀት"፣ 35 "የሰው ገላ ሙቀት" ነው። 40 "ኑሩካን"፣ ለብ ያለ፤ 50 "አጹካን"፣ ትኩስ። እነዚህን ስሞች ሳስብ መጠጡን የሚያከብር ሕዝብ መሆኑ ይታየኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሳኬውን "ቶኩሪ" በሚባለው አንገተ ጠባብ የሸክላ ዕቃ ወይም ሙቀት በሚችል ትንሽ ብርጭቆ ጆግ ቅዱ። ውሃ አፍሉና እሳቱን አጥፉ። ዕቃውን እስከ አንገቱ ውሃው ውስጥ አቁሙ። ሁለት ሦስት ደቂቃ በቂ ነው። የዕቃውን ቂጥ በእጃችሁ ስትነኩ ደስ የሚል ሙቀት ከሆነ አውጡት። ሳኬውን በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱ፤ አልኮሉ ይተንናል፣ ሽታው ይሞታል።

ጁንማይን፣ ሆንጆዞንና ያማሃይን እንዲህ ሞክሩ። ያንኑ ሳኬ ቀዝቃዛውን በአንድ ሲኒ፣ ለብ ያለውን በሌላ ሲኒ አድርጉና አነጻጽሩ። ሁለት የተለያዩ ጠርሙሶች ይመስላሉ። ጊንጆና ዳይጊንጆን ግን ቀዝቃዛ ተዋቸው፤ ሙቀት የፍራፍሬ ሽታቸውን ያባርረዋል።

ስለ ምግብ አንድ ቃል። ቀላሉ ጊንጆ ከጥሬ ዓሣና ከሰላጣ፣ ከበድ ያለው ጁንማይ ከተጠበሰ ዓሣ፣ ከዶሮና ከእንጉዳይ ጋር ይሄዳል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ማንኛውንም ጥሩ ሳኬ ያፍነዋል። ለቅምሻ ቀን አልጫ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ የውስኪውን ጀርባ አንብቡ

ሳኬና ውስኪ በጃፓን ዘመድ ናቸው። የጃፓን ውስኪ አባት የሚባለው ማሳታካ ታኬትሱሩ ሂሮሺማ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከሳኬ ጠማቂ ቤተሰብ ነው የተወለደው። በ1918 ስኮትላንድ ሄደ፣ ኬሚስትሪ ተማረ፣ ፋብሪካ ገብቶ ሥራውን ለመደ፣ በ1920 ሪታ ካዋን የምትባል ስኮትላንዳዊት አገባ። ሲመለስ የዛሬው ሰንቶሪ መሥራች ሺንጂሮ ቶሪ ቀጠረው። በኪዮቶና በኦሳካ መሐል፣ ሦስት ወንዞች በሚገናኙበት ጭጋጋማ ቦታ፣ ያማዛኪ ፋብሪካ በ1923 መሠራት ጀመረ። በ1929 የወጣው የመጀመሪያው ውስኪያቸው ጭሱ በዝቶ ጃፓኖች አልወደዱትም። ታኬትሱሩ በ1934 ወጥቶ ቀዝቃዛው ሆካይዶ ውስጥ ዮይቺ የሚባለውን ፋብሪካ ከፈተ። ከዚያ ኒካ የሚባለው ድርጅት ተወለደ። ዮይቺ ዛሬም የማንጠሪያ ጋኑን የሚያሞቀው በድንጋይ ከሰል እሳት ነው።

አሁን ወደ ጀርባው። የጃፓን ሕግ ለረጅም ጊዜ ልል ነበር። ከውጪ የመጣ ውስኪ እዚያ ተቀላቅሎና ታሽጎ ይሸጥ ነበር። በ2021 የጃፓን አምራቾች ማኅበር የራሱን መስፈርት አወጣ፤ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይሠራል። በዚህ መስፈርት "የጃፓን ውስኪ" ለመባል ብቅል የግድ መኖር አለበት። ውሃው የጃፓን መሆን አለበት። መጠመቁም መነጠሩም ጃፓን ውስጥ ነው። ከ700 ሊትር በማይበልጥ የእንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት እዚያው ይቆያል። እዚያው ይታሸጋል፤ አልኮሉም ከ40 በመቶ አያንስም።

ይህ የማኅበሩ አባላት ስምምነት እንጂ የመንግሥት ሕግ አይደለም። ስለዚህ ማንበቡ የእናንተ ሥራ ሆኖ ይቀጥላል። ጀርባው ላይ የፋብሪካውን ስም ፈልጉ። ያማዛኪ፣ ሃኩሹ፣ ቺታ፣ ዮይቺ፣ ሚያጊኪዮ፣ ቺቺቡ በእርግጥ ያሉ ፋብሪካዎች ስሞች ናቸው። የፋብሪካ ስም የሌለው፣ ሳሙራይ ወይም ተራራ ብቻ ያለበት ጠርሙስ ጥያቄ ይፈልጋል። "ወርልድ ብሌንድድ" ካለ የሌላ አገር ውስኪ አለበት፤ በግልጽ ስለተናገረ ግን ሐቀኛ ነው። ኒካ ፍሮም ዘ ባሬል የሚባለውን 51.4 በመቶ መጠጥ ድርጅቱ ራሱ መስፈርቱን እንደማያሟላ ይናገራል። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ምን እንደምገዛ አውቄ እገዛዋለሁ።

ሌላ ወጥመድ አለ። ጃፓን ውስጥ በሩዝና በኮጂ ተሠርቶ በርሜል የገባ መጠጥ አሜሪካ ውስጥ "የጃፓን ውስኪ" ተብሎ ይሸጣል። ጃፓን ውስጥ ያ ውስኪ አይባልም፣ ብቅል የለውምና። ሾቹ ከሚባለው የጃፓን አረቄ ወገን ነው።

"ሲንግል ሞልት" ማለት በአንድ ፋብሪካ ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ ነው። "ብሌንድድ" ከሌላ እህል ከተነጠረ ውስኪ ጋር የተቀላቀለ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ድርጅቶች ለቅልቅል በርሜል ይለዋወጣሉ። ጃፓኖች ለተቀናቃኝ መስጠት አልለመዱም። ስለዚህ አንዱ ፋብሪካ ብዙ ቅርፅ ያላቸው የማንጠሪያ ጋኖች ይዞ ብዙ ዓይነት ውስኪ ለራሱ ያወጣል። አንድ ጠርሙስ ውስጥ ያ ሁሉ ሽታ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ዕድሜ ደግሞ ዋጋውን ይሰቅለዋል። ጃፓን ውስጥ የውስኪ ፍጆታ በ1983 ጫፍ ደርሶ ከዚያ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ወረደ። ፋብሪካዎቹ ጥቂት ብቻ በርሜል አስቀመጡ። በኋላ ሃይቦል የሚባለው የሶዳ ቅልቅል ሲወደድና ዓለምም ሲመጣ ያረጀ ውስኪ አለቀ። በ2018 ሰንቶሪ ሃኩሹ 12 እና ሂቢኪ 17ን መሸጥ አቆመ፤ ሃኩሹ 12 ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። 12 ዓመትን በገንዘብ ማፍጠን አይቻልም። ለጀማሪ ዕድሜ ያልተጻፈበት ሚያጊኪዮ ወይም ዮይቺ ከበቂ በላይ ነው። የያማዛኪ 12ን ጣዕም ማወቅ ካማራችሁ ጠርሙሱን ከመግዛት ባር ሄዳችሁ አንድ መለኪያ እዘዙ።

ደረጃ 7፦ ውስኪውን ቅመሱ

20 ሚሊ ሊትር ያህል ቅዱ። በረዶ አታድርጉ። አፍንጫችሁን ከብርጭቆው ጠርዝ ራቅ አድርጋችሁ፣ አፋችሁን ትንሽ ከፍታችሁ አሽትቱ። ተጠግታችሁ ከሳባችሁ አልኮሉ አፍንጫችሁን ያደነዝዘዋል፣ ቀጥሎ ምንም አይሸታችሁም።

የመጀመሪያዋ ፉት ለማሞቂያ ናት፤ ማቃጠሏ አይቀርም፣ አትፍረዱባት። ፍርዱ በሁለተኛዋ ነው። ማር፣ ቫኒላ፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ ብርቱካን ልጣጭ፣ ጭስ፤ በመጣላችሁ ስም ጥሩት። ዮይቺ ውስጥ ያለው ጭስ በወይራ የታጠነ ጋንን ሊያስታውሳችሁ ይችላል። ሃኩሹ የለመለመ ቅጠልና ስስ ጭስ አለው። ሚያጊኪዮ ፍራፍሬና ልስላሴ ነው። ሚዙናራ በሚባለው የጃፓን ባሉጥ በርሜል የቆየ ከሆነ ደግሞ ሰንደል የሚመስል ሽታ ይመጣል። ሚዙናራ ለበርሜል አስቸጋሪ እንጨት ነው፤ ያንጠባጥባል፣ ዛፉም እስኪደርስ 200 ዓመት አካባቢ ይፈጃል። ያም ሆኖ ለዚያ ሽታ ሲሉ አልተዉትም።

አሁን በማንኪያ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩና እንደገና አሽትቱ። የተደበቀው ሽታ ይወጣል። ጃፓን ውስጥ ቀላቃዮቹ ሲመዝኑ ውስኪውን በውሃ እስከ 20 በመቶ ገደማ ያቀጥኑታል። እናንተም እኩል ለእኩል፣ ያለ በረዶ ሞክሩት። ውሃ መጨመር አላዋቂነት የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ንገሩት።

ሃይቦል ስትሠሩ ረጅም ብርጭቆ በበረዶ እስከ አፉ ሙሉ። በማንኪያ አማስሉና የቀለጠውን ውሃ ድፉት። 30 ሚሊ ሊትር ውስኪ ቅዱ፣ በደንብ አማስሉ። በጣም የቀዘቀዘ ሶዳ ከ90 እስከ 120 ሚሊ ሊትር፣ በረዶውን ሳይመታ በጠርዝ በኩል ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ማንኪያውን አንዴ ብቻ ከሥር ወደ ላይ አንሱ። ደጋግማችሁ ካማሰላችሁ ጋዙ ይሄዳል። ለዚህ ውድ ውስኪ አያስፈልግም፤ ካኩቢን ወይም ቺታ ጥሩ ነው።

ደረጃ 8፦ ጻፉ፣ አስቀምጡ

በደብተራችሁ ላይ ስሙን፣ የፍተጋውን ቁጥር ወይም የፋብሪካውን ስም፣ የጠጣችሁበትን ሙቀት፣ አንድ የሽታ ቃልና "ደግሜ እገዛዋለሁ ወይስ አልገዛውም" የሚለውን ጻፉ። አምስት ጠርሙስ ካለፈ በኋላ ዝንባሌያችሁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያኔ ሱቅ ገብታችሁ "ደረቅ ያለ፣ ለብ ተደርጎ የሚጠጣ ጁንማይ" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ።

ሁለቱንም ጠርሙስ አቁማችሁ፣ ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡ። ውስኪ ከተከፈተ በኋላ ብዙ ወራት ይቆያል፤ ከግማሽ በታች ሲወርድ ግን አየሩ ስለሚበዛ ሽታው መድከም ይጀምራል። የተከፈተ ሳኬ ቦታው ፍሪጅ ነው። በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ጨርሱት፤ ናማ ከሆነ በጥቂት ቀናት። ከዚያ ያለፈውን አትድፉ። ዓሣ ከመጠበሳችሁ በፊት በጥቂት ሳኬና ጨው ለሩብ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ያ ደስ የማይል የዓሣ ጠረን ይቀንሳል። ዶሮም ስትቀቅሉ ግማሽ ሲኒ ጣል አድርጉበት።